ከታቀደ የአንጀት ላፓራስኮፒ በፊት ደም ማዘጋጀት፦ ለታማሚና ለአስታማሚ

ቀዶ ሕክምናው፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው የአንጀት ኦፕራሲዮን፣ ሰኞ ጠዋት ነው። እሁድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አስታማሚው እያለከለከ ይመጣና «ሲስተር፣ ደም አዘጋጁ ተባልን፤ ከየት ነው የሚመጣው?» ይላል። በቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ታማሚው ምግብ ሳይቀምስ ውሎ፣ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ጠጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲመላለስ አድሮ፣ ጠዋት «ደም ስላልተገኘ ለሌላ ቀን ተላልፏል» ይባላል።

ይህ የሚሆነው ደም ማዘጋጀት የዋዜማ ሥራ ስለሚመስል ነው። አይደለም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ይጀመራል፤ የሚጀመረውም ከደም ባንክ ሳይሆን ከታማሚው ከራሱ ደም ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። የመድኃኒት መጠንና መቋረጥን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የሐኪማችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት ሄሞግሎቢናችሁን እወቁ

ቀጠሮ በተያዘበት ቀን ሁለት ነገር አሠሩ፦ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራና የደም ዓይነት ምርመራ። ውጤቱን «ደህና ነው» በሚል ቃል አትቀበሉ። ቁጥሩን ጠይቁና በስልካችሁ ላይ ጻፉት።

የምትፈልጉት ቁጥር ሄሞግሎቢን ነው፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር መጠን (በግራም/ዴሲ ሊትር) ማለት ነው። ለሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ግን ብዙ ሐኪሞች ለሴትም ለወንድም 13 እንዲሆን ይመርጣሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ እዚህ 12 የሚያሳይ ሰው ቆላ ቢኖር ኖሮ ቁጥሩ ከዚያ ያንስ ነበር። ስለዚህ «ትንሽ ነው የጎደለው» ብላችሁ አትለፉት።

ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ በስሌት ላሳያችሁ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሰውነቷ ውስጥ 3.9 ሊትር ገደማ ደም አላት። ሐኪሞቹ ሄሞግሎቢኗ 8 ሲደርስ ደም እንሰጣታለን ብለው ወስነዋል እንበል። በ13 ከገባች እዚያ ለመድረስ ወደ 1,500 ሚሊ ሊትር ደም ማፍሰስ አለባት። በ9 ከገባች ግን 430 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። ያው ሰው፣ ያው ኦፕራሲዮን፣ ያው ሐኪም! ልዩነቱ የተፈጠረው ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበሩት ሳምንታት ነው።

የአንጀት ታማሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደሙ አንሶ ነው የሚመጣው። በተለይ በቀኝ በኩል ያለ የትልቁ አንጀት ዕጢ ለዓይን በማይታይ መጠን፣ ቀስ እያለ፣ ለወራት ይደማል። በግራ በኩል ሲሆን ደሙ ይታያል፤ ያኔም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ይተዋል። ሲያዞራችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ከቆየ አሁኑኑ ተናገሩ።

ደረጃ 2፦ ማነሱን አሳክሙ

ሄሞግሎቢኑ ካነሰ ምክንያቱን አስፈትሹ። የብረት ክምችት ምርመራ፣ ማለትም ፌሪቲን የሚሠራበት ቦታ ካለ አሠሩ። የሰገራ ምርመራም አይቅር። እኛ አገር መንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ ሰውን ሊያነጣ ይችላል፤ ሁሉም ነገር በዕጢው ሲሳበብ ይህ ይዘነጋል።

የብረት እንክብል ከታዘዘላችሁ እንዲህ ውሰዱት፦

1. ሆዳችሁ ባዶ ሲሆን፣ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ።
2. ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቁት። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ወር ሙሉ እንክብል ውጠው ምንም ለውጥ ያላመጡ ሰዎችን ስጠይቅ፣ እንክብሉን ከጠዋቱ ቡና ጋር የሚወስዱት ብዙ ናቸው።
3. በቀን አንድ ወይም አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ እንደታዘዘላችሁ። «ቶሎ እንዲሞላ» ብሎ ሦስት አራት መዋጥ ሆድ ከማሳመም በቀር ብዙም አይጨምርም።
4. ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ብረቱ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚሸት ከሆነ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ታዩ።

*ካልሠራ፦* ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቢሲ ድገሙ። ካልጨመረ ወይም እንክብሉ ሆድ አድርቆ ካስጨነቀ ለሐኪሙ ንገሩ፤ አንጀቱ በዕጢ የጠበበ ሰው ሆድ ድርቀትን እንደ ቀላል ነገር ማየት የለበትም። ጊዜ ካጠረ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፤ «ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀይ ሥጋ፣ ምስርና ጎመን ብሉ፣ ጥሩ ነው፤ ግን በአራት ሳምንት ውስጥ ከ9 ወደ 13 ያደርሰኛል ብላችሁ በምግብ ብቻ አትተማመኑ።

አንድ ነገር አደራ። ቁጥሩ እንዲያምር ብላችሁ «ዛሬ ደም ስጡትና እንገላገል» አትበሉ። ደም መውሰድ የራሱ አደጋ አለው፤ አንድ ዩኒት፣ ማለትም አንድ ከረጢት ደም፣ ሄሞግሎቢንን የሚጨምረው ደግሞ በግምት በ1 ነው። ጊዜ ካለ በመድኃኒት መሙላት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን አስመዝግቡ

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ፓኬቱንም ጭምር፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አትንገሩ። «ነጯ ትንሿ ኪኒን» ብዙ ናት።

ዋርፋሪን ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል፤ ከዚያም አይኤንአር የሚባለው፣ ደም ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየው ምርመራ ይሠራል። ክሎፒዶግሬል ከ5 እስከ 7 ቀን በፊት ነው የሚቆመው። አስፒሪን እንደ ታማሚው ነው፤ አንዳንዱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ያቆማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የልብ ቧንቧ ማስፊያ ስቴንት ወይም ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው እነዚህን በራሱ ፈቃድ ፈጽሞ አያቁም። ደም ላለማፍሰስ ሲባል ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ መጥራት ይሆናል።

ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ደም የመርጋት አቅሙን ይቀንሳሉ፤ የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ። የባህል መድኃኒትም ካለ አትደብቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

ደረጃ 4፦ ስንት ዩኒት እንደሚያስፈልግ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቁ

ላፓራስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራ ነው። ነገሮች በሰላም ከሄዱ የሚፈሰው ደም ትንሽ ነው፤ ብዙ ታማሚ አንድም ዩኒት ሳይወስድ ይወጣል። ታዲያ ለምን እንዘጋጃለን?

መጥፎው ነገር ሲመጣ ቶሎ ስለሚመጣ ነው። የግራውን የአንጀት መታጠፊያ ሲያላቅቁ ጣፊያ ሊቀደድ ይችላል። የፊንጢጣ አካባቢ ዕጢ ሲወጣ ከጀርባ አጥንቱ ፊት ለፊት ያሉት ደም መላሾች ሊደሙ ይችላሉ፤ እነሱ ደግሞ በቀላሉ አይቆሙም። ሆድ ለመንፋት የሚገባው ጋዝም ትንንሽ ደም መላሾችን ተጭኖ ስለሚይዝ፣ የደማው ቦታ ጋዙ ከወጣ በኋላ ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ካሜራው ካላዋጣ ሆድ ይከፈታል።

ስለዚህ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉ፦

1. ደሙ ተመሳክሮ (ከታማሚው ደም ጋር መስማማቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ተፈትሾ) በስማችን ይቀመጥ ወይስ ናሙና ብቻ ላቦራቶሪ ቢኖር ይበቃል?
2. ተመሳክሮ የሚቀመጥ ከሆነ ስንት ዩኒት? ቀይ የደም ሕዋስ ብቻ ነው ወይስ ፕላዝማም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል)?
3. ሆድ ቢከፈት ተጨማሪው ከየት ይመጣል፣ በስንት ጊዜስ ይደርሳል?

መልሱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። የደም ባንኩ ቅርብ የሆነበት ቦታ ናሙና ሊበቃ ይችላል፤ መኪና ተልኮ የሚመጣበት ቦታ ግን ሁለት ዩኒት አስቀድሞ ይጠየቃል። «ለጥንቃቄ አምስት ይሁን» አትበሉ። ለእናንተ የተያዘው ከረጢት ያን ቀን ወልዳ ለምትደማ እናት አይደርስም፤ የተለመደው የደም ከረጢት ዕድሜ ደግሞ 35 ቀን ነው።

ደም በሃይማኖት ምክንያት የማትወስዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ የይሖዋ ምስክሮች ከሆናችሁ፣ የምትናገሩት እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ያኔ ሐኪሙ ብረቱንም፣ ሌላውንም ዘዴ ለማሰናዳት ጊዜ ያገኛል። የቀዶ ክፍል በር ላይ ከተነገረ ለሁሉም ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጋሾችን አሰልፉ

ደም ባንክ ያለው ደም ከበጎ ፈቃደኞች የተሰበሰበ ነው። ክምችቱ ሲሳሳ ግን ቤተሰብ ሰው እንዲያመጣ መጠየቁ የታወቀ ነው። እስክትጠየቁ አትጠብቁ።

ለጋሽ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ፣ ጤነኛ፣ ከዚህ በፊት ከሰጠም ሦስት ወር ያለፈው መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። ሁለት ለጋሽ ከፈለጋችሁ አምስት ሰው ጥሩ፤ አንዱ ደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ አንዱ ክብደቱ አይሞላም፣ አንዱ ስልክ አያነሳም።

ሲመጡ በልተውና ውሃ ጠጥተው ይምጡ። በጾም ወቅት ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በልቶ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

እዚህ ላይ በየጊዜው ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

*«ወንድሜ ጠዋት ይሰጣል፣ ያንኑ ትሰጡኛላችሁ።»* አይሆንም። የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ጊዜ ይወስዳል። በኦፕራሲዮኑ ጠዋት የተሰጠ ደም ለዚያ ጠዋት አይደርስም። የምትቀበሉትም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የሰጠውን ነው።

*«የቤተሰብ ደም ይሻላል።»* አይሻልም። የቅርብ ዘመድ ደም በጨረር ሳይታከም ከተሰጠ፣ የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት የተቀባዩን ሰውነት የሚያጠቁበት፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት ግን ከተከሰተ ገዳይ የሆነ ችግር አለ። ወንድማችሁ ይስጥ፤ ደሙ ለሌላ ሰው ይሂድ።

*«አንድ ሰው በገንዘብ አገኝላችኋለሁ አለን።»* ጥላችሁት ሂዱ። ለገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ ደም የሚሸጥ ደላላም ገንዘባችሁን ይዞ ይጠፋል። የምትጠራጠሩት ነገር ካለ ለዋርዱ ኃላፊ ነርስ ተናገሩ።

የታማሚው ደም ኔጌቲቭ ከሆነ፣ በተለይ ኦ ኔጌቲቭ፣ ሁለት ሳምንትም አጭር ነው። ውጤቱን ባያችሁበት ቀን ለሐኪሙ አስታውሱና ደም ባንኩ ቀድሞ እንዲያውቅ አስደርጉ።

ደረጃ 6፦ ናሙናው ሲቀዳ አጠገቡ ቁሙ

በዚህ ሁሉ ሂደት ሰው የሚገድለው ስህተት ያለው እዚህ ነው። የደም እጥረት ቀዶ ሕክምና ያስተላልፋል። የተሳሳተ ስም የተጻፈበት ቱቦ ግን ኤ ደም ላለው ሰው ቢ ደም እንዲሰጠው ያደርጋል፤ ያ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ኩላሊትንም ሕይወትንም ሊወስድ ይችላል።

የራሴን ልንገራችሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት እናቶች በአንድ ክፍል ተኝተው ነበር። የሁለቱንም ደም ቀዳሁ፣ ሁለቱን ቱቦዎች በእጄ ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ፣ ስሙን እዚያ ጻፍኩ። ተቀያየረ። የላቦራቶሪ ባለሙያው የአንዷን የቆየ የደም ዓይነት ውጤት ካርዱ ላይ አይቶ፣ «ይሄ አይገጥምም፣ ድገሚ» ብሎ መለሰልኝ። ያ የቆየ ወረቀት ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ እጄ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲህ አልጋው አጠገብ ሳልጽፍ አንድም ቱቦ ይዤ ተንቀሳቅሼ አላውቅም።

እናንተ የምታደርጉት ይህን ነው፦

1. ቀጂው ስም ሲጠይቅ ታማሚው ራሱ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ይናገር። «አቶ እገሌ ነዎት?» ተብሎ «አዎ» ማለት አይበቃም፤ ያልሰማ ሽማግሌም «አዎ» ይላል።
2. ቱቦው ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ነው።
3. በቱቦው፣ በደም መጠየቂያ ወረቀቱና በካርዱ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ። ኃይሌና ሐይሌ በአማርኛ ችግር ላይመስል ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ Haile፣ አንዴ Hayle ተብሎ ሲጻፍ ግን አንዱ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ላቦራቶሪውም ይመልሰዋል። መመለሱ ትክክል ነው፤ አትጣሉት።
4. የቆየ የደም ዓይነት ውጤት ካላችሁ ስጡ። ከሌላችሁ ላቦራቶሪው በሌላ ሰዓት ሁለተኛ ናሙና ቢጠይቅ «ስንቴ ትቀዱታላችሁ» አትበሉ። ያ ሁለተኛው ቱቦ ነው እንዲህ ያለውን ስህተት የሚይዘው።

ናሙናውን ወስዳችሁ አድርሱ ከተባላችሁ በቀጥታ ሂዱ። ፀሐይ ላይ አታቆዩት፣ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ምሳ አትብሉ። ስታስረክቡ የተረካቢውን ስምና ሰዓቱን ጻፉ።

ናሙናው መቼ ይቀዳል? ባለፉት ሦስት ወራት ደም የወሰደ ወይም ያረገዘች ታማሚ ከሆነ የማመሳከሪያ ናሙናው የሚያገለግለው ለሦስት ቀን ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ለሁሉም ሰው ይህንኑ ይጠቀማሉ። ለሰኞ ኦፕራሲዮን ረቡዕ የተቀዳ ናሙና ላያገለግል ይችላል። ቀጠሮው ከተላለፈ ናሙናውም አብሮ እንደሚያልፍ አስቡና «እንደገና ይቀዳ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ በዋዜማው አረጋግጡ

ከቀኑ አስር ሰዓት በፊት፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ነርሷን «ደሙ ተመሳክሮ በስማችን ተይዟል? ስንት ዩኒት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ተልኳል» እና «ተይዟል» አንድ አይደሉም። የተላከው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

*ካልተያዘ፦* ምክንያቱን በትክክል እወቁ። ናሙና ተመልሶ ከሆነ ዛሬ ማታ ይደገማል። የእናንተ ዓይነት ደም ጠፍቶ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው ማታውኑ ይወቁ፤ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ታማሚው ከመጠጣቱ በፊት ቢወሰን እንዴት ጥሩ ነበር።

ደረጃ 8፦ ደሙ ሲመጣና ሲሰጥ

ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው የደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ከወጣ በኋላ ሥራው በሰዓት ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተጀመረ መመለስ ላይቻል ይችላል፤ ከተጀመረ ደግሞ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ፦

- «ቀድመን እናምጣው» ብላችሁ ዋርድ ውስጥ አታስቀምጡ። የምግብም የመድኃኒትም ፍሪጅ ለደም አይሆንም።
- ይዛችሁ ኑ ከተባላችሁ በደም ማጓጓዣ ሳጥን ብቻ። በረዶው ከረጢቱን በቀጥታ አይንካ፤ በረዶ የሠራ የደም ሕዋስ ይፈነዳል።
- ሙቅ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ ብብት ውስጥም አታሙቁት።

በዋርድ ውስጥ ደም ከተሰቀለ፣ ሁለት ባለሙያዎች ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የደም ዓይነቱን፣ የከረጢቱን ቁጥርና የሚያልፍበትን ቀን አብረው ያነባሉ። ከደሙ ጋር በአንድ መስመር የሚሄደው ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ፈሳሽ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቡ አትራቁ። ብርድ ብርድ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወገቡን ወይም ደረቱን ካመመው፣ ካሳከከው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም «አንድ ነገር እየሆንኩ ነው» ካለ ወዲያው ጩኹ። መጀመሪያ ደሙ ይቆማል፣ ከዚያ ሌላው ይታሰባል። ከረጢቱ አይጣል፤ ወደ ላቦራቶሪ ተመልሶ ይመረመራል።

ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ

በስማችሁ የተያዘውና ያልተነካው ደም መቼ እንደሚለቀቅ ነርሷን ጠይቁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንድ ቀን ያህል ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ሐኪሙ «አያስፈልግም» ሲል ግን ወረቀቱ ተሞልቶ መለቀቁን አስታውሷቸው። የደም ዓይነቱን ውጤትም ዋናውን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ውጡ፣ ከካርዱ ጋር አስቀምጡት።